ለነገር አባባሾች የቀረበ ምስጋና

ዛሬ ምስጋናችን ለነገር አባባሾች ነው። ሁለት ሰዎች ተኳርፈው እስከ ማታ ሊታረቁ ሲሉ፣ ደርሰው ኩርፊያውን ለዓመት የሚያዘልቁልን እነሱ ናቸው። እነሱ ባይኖሩ ስንቱ ጠብ በእንጭጩ ተቀጭቶ ይቀር ነበር!

አባባሽን ከተራ ነገረኛ ጋር አንድ አታድርጉት። ጠብ መጀመርማ ማንም ይጀምራል። ሌላው የጀመረውን ተረክቦ ማሳደግ ግን ሙያ ይጠይቃል። አንደኛውን ጥግ ያስይዝና «እኔ ነገር አልወድም፤ ግን ስለምወድህ ነው» ይላል። ከዚያ ዝም። ይህቺ ዝምታ ትደነቅ! ሰውየው ራሱ «ምን አለ?» ብሎ ይለምናል። «ተወው ባክህ፣ ብትሰማው ደስ አይልህም።» ተለምኖ፣ ተለምኖ፣ እያዘነ ይናገራል። ሲጨርስ «ከእኔ ሰማሁ እንዳትል» ብሎ ያስምላል። አሁንማ ስልክ ሥራውን አቅልሎለታል። ከላይና ከታች ያለውን መስመር ቆርጦ ስክሪንሾት ይልካል፤ «እንድታውቀው ያህል ነው» የምትል ቃል ያክልባታል። ሰውየው ማየቱን እንዳረጋገጠ ያጠፋዋል። ጠንቃቃ ነው።

በንዴት የሚንቀጠቀጠውን ሰው «ምን ያናድድሃል? ተረጋጋ እንጂ!» እያለ ትከሻውን የሚጎነትለውም ምስጋናው ይድረሰው።

«ውስጥህ አትያዘው፣ አውጣው!» ባዩ ደግሞ አለ። ብራድ ቡሽማን የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት የደበደቡ ተማሪዎች ዝም ብለው ከተቀመጡት ይልቅ ተናደው ተገኝተዋል። አባባሻችን ይህን ቢሰማ የምስክር ወረቀት አድርጎ ግድግዳው ላይ በሰቀለው።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ክፋት ቢኖርበትማ ይታወቅበት ነበር። እሱ ጭር ሲል አይወድም፣ በቃ። ደግሞ እርቅ ላይ አይቀርም፤ ቀድሞ ተገኝቶ መሀል ላይ ይቀመጣል። «እናንተን የመሰሉ ወንድማማቾች!» እያለ ዓይኑን ይጠርጋል። ሁለቱ ይቅር ተባብለው፣ ተቃቅፈው፣ ሰው ሁሉ «እሰይ» ብሎ ሊነሳ ሲል ጉሮሮውን ይጠራርጋል፦

«እንኳን ታረቃችሁ። ያቺን ስለ እናትህ ያላትንም ይቅር ብለኸዋል ማለት ነው?»