ማስተካከያ፦ የንድፍ አታሚ ሮቦት ቀለምና እጥበቱ
የሕንፃ ንድፍ ወለል ላይ ስለሚያትሙ ሮቦቶች ቀደም ሲል ስጽፍ «የትኛውንም ቀለም ብትጠቀሙ የማተሚያውን ጭንቅላት በውሃ እጠቡት» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ውሃ የሚሆነው ውሃ ወለድ ለሆነ ቀለም ብቻ ነው። በአልኮል ወይም በሌላ አሟሚ የተዘጋጀው ውሃ ሲነካው ሊቋጥርና ቀለም የሚረጩትን የጭንቅላቱን ቀዳዳዎች ሊደፍን ይችላል፤ ብዙዎቹ ቀዳዳዎች ከፀጉር ስለሚጠቡ አንዴ ከደረቀባቸው ማስለቀቁ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የቀለሙ አምራች ያዘዘውን ማጽጃ ተጠቀሙ። ሮቦቱ ሲቆም፣ ለምሳ ዕረፍትም ቢሆን፣ ጭንቅላቱን ክደኑት።

«ፒግመንት ቀለም (በፈሳሹ ውስጥ የማይሟሟ ደቃቅ ብናኝ ያለበት) አይለቅም» ያልኩትም ተጋንኗል። በፈሳሹ ውስጥ ከሚሟሟው ከዳይ ቀለም ይልቅ ፀሐይ ይችላል እንጂ፣ አቧራ ላይ ከታተመ መጥረጊያ ሲያልፍበት መስመሩ አብሮ ይነሳል። ደግሞ ብናኙ ስለሚዘቅጥ ካርትሪጁን (የቀለሙን መያዣ) ከመግጠማችሁ በፊት ቀስ አድርጋችሁ አገላብጡት።