«ስንተኛ ምርጫሽ ነው?»

የእህቴ ልጅ የሒሳብ መምህርነት መረጠች። ተመደበች አላልኩም፤ መረጠች። የፍሬሽማን ዓመቷን ጨርሳ፣ ውጤቷም ደህና ሆኖ፣ የዲፓርትመንት ምርጫ ሲሞላ አንደኛ ላይ የጻፈችው ኤዱኬሽን ነው። እህቴ ደውላ ስትነግረኝ ድምፅዋ የለቅሶ ቤት ድምፅ ነበር። «አንተ ነህ ልጄን ያበላሸሃት» አለችኝ። እኔ መምህር ነኝና፣ በሽታው ከእኔ ተጋብቶባት መሆኑ ነው።

ጎረቤት ሰማ። አንዷ «ምነው፣ ውጤት አልመጣላትም እንዴ?» አለች። ሌላው ደግሞ ሊያጽናና ፈልጎ «ግድ የለም፣ ኋላ ትቀይረዋለች» አለ። እናንተዬ፣ ልጅቷ እኮ አልታሰረችም!

በጣም የሚያበሽቀኝ ግን ሌላ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሹን ውጤትና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው ሲባል «መምህራኑ ምን ሲሠሩ ነበር?» ብለው የጮኹት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። እሺ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። መምህራኑስ ከየት መጡ? እንዴት ተሠሩ?

ከራሴ ልጀምር። እኔ ኬሚስትሪ የተማርኩት መምህር ልሆን አይደለም። ሦስት ዓመት አፕላይድ ተማርኩ፤ ሳሙና ፋብሪካ ወይ ላቦራቶሪ እገባለሁ ብዬ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሥራ ፈትቼ ቤተሰብ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ የፒጂዲቲ ማስታወቂያ ወጣ። ለማታውቁት፣ ዲግሪውን ሌላ ነገር ብለህ ትጨርስና በላዩ ላይ አንድ ዓመት የማስተማር ሙያ ተለጥፎልህ መምህር ትባላለህ። የመጀመሪያው ቀን አስተማሪያችን «ከእናንተ ውስጥ መምህር መሆን ፈልጎ የመጣ እጁን ያውጣ» አለን። ሁለት እጅ ወጣ። አንደኛው ሽንት ቤት ሊያስፈቅድ ነበር።

ትምህርቱ ራሱ ጉድ ነው። «ተማሪ ተኮር ማስተማር» የሚባል ኮርስ ነበረን። አስተማሪው ሦስት ሰዓት ሙሉ ከሃንድአውት ያነብልናል፣ እኛ እንጽፋለን። ማንም ትንፍሽ አይልም። ፎቶኮፒው አራተኛ ገጹ ደብዝዞ ስለማይነበብ ያንን ገጽ እሱም ይዘለዋል። ፈተናው ላይ «ተማሪው በክፍል ውስጥ ንቁ ተሳታፊ መሆኑ ያለውን አምስት ጥቅም ዘርዝር» ይላል። ሸመደድን፣ ዘረዘርን፣ ኤ አገኘን።

ፕራክቲከም፣ ማለትም የማስተማር ልምምድ፣ ወጣሁ፤ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ተላክሁ። ሊያግዘኝ የተመደበው ነባር መምህር ገና ሲያየኝ «እግዜር ነው የላከህ» አለኝ። ጠመኔውን አስያዘኝና የተማሪ ውጤት የሚሰፍርበትን ሮስተር ሊሞላ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ያገኘሁት ፎርሜ ላይ ሲፈርም ነው። ዘጠነኛ ክፍል፣ ከሰባ በላይ ልጅ፣ አንድ ዴስክ ላይ አራት። ላቦራቶሪው ተቆልፏል፤ ቁልፉ ያለው ሰው ደግሞ ፈቃድ ላይ ነው። ስለዚህ ቡሬት፣ ፈሳሽ የሚለካበትን ረጅም የመስታወት ቱቦ፣ ሰሌዳ ላይ ሣልኩላቸው። ከኋላ አንዷ «ቲቸር፣ የእውነቱ ስንት ነው የሚያክለው?» አለችኝ። በእጄ ለክቼ አሳየኋት። ሌላ ምን ላድርግ? ከዩኒቨርሲቲ ሊገመግመኝ የመጣው ሰው አስራ አምስት ደቂቃ ተቀምጦ «የሰሌዳ አጠቃቀም፦ ጥሩ» ብሎ ጽፎልኝ ሄደ። ሥዕሉን ወዶት ይሆናል።

እኔን ሒሳብ ያስተማሩኝ ሰውዬ ከባሕር ዳሩ ፔዳ የወጡ ነበሩ። በ1960ዎቹ በዩኔስኮ ድጋፍ ለመምህራን ማሠልጠኛ ተቋቁሞ፣ እስከ ዛሬ ግቢው ፔዳ የሚባለው ማለቴ ነው። ክብ በባዶ እጅ ሲሠሩ ኮምፓስ የነካው ይመስላል። እሱ ግን ምንም አይደለም። ልጅ ሲሳሳት የት ላይ እንደተሳሳተ ሳይሆን ለምን እንደተሳሳተ ያውቁ ነበር። «አንተ መቀነስን ስትማር ነው የተበላሸኸው» ብለው ወደ አራተኛ ክፍል መልሰው ይወስዱሃል። ይህን እኔ የተማርኩት ከዲግሪዬ አይደለም፣ ከስህተቴ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመት ተማሪዎቼ ይቅር ይበሉኝ።

ሥርዓቱ ደግሞ አይረጋም። በ1996 አካባቢ ቴሶ የሚባል የመምህራን ሥልጠና ማሻሻያ መጣና አራት ዓመት የነበረው የመምህርነት ዲግሪ ሦስት ሆነ። በ2003 ፒጂዲቲ መጣ፤ መጀመሪያ ሌላ ተማር፣ መምህርነቱ በኋላ ይደረስበታል ተባለ። አሁን ደግሞ ትምህርቱንና ማስተማሩን ጎን ለጎን ወደሚሰጠው ዲግሪ እየተመለስን ነው፤ ድሮ የመምህራን ኮሌጅ የነበረው ኮተቤም የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ነው። ግን አንዱ ሥርዓት ያወጣውን መምህር ሳናይ ሌላውን እየጀመርን፣ እኛ በመሃል ያለፍነው የማን ሙከራ ነበርን?

ሌላው ቢቀር ምደባውን አስተካክሉት። መምህርነትን አስራ ሁለተኛ ላይ የሞላውን ልጅ ሌላው ሁሉ ሲሞላበት አምጥታችሁ ክፍል ውስጥ ትዶሉታላችሁ። የቀረውን ዓመት ሁሉ እንዴት እንደሚያመልጥ ሲያስብ ይቆያል። ሲመረቅ ባንክ ያመለክታል። ባንኩ ካልጠራው የእናንተ ልጅ ፊት ይቆማል። ስለ ደመወዙ ዛሬ አላነሣም፤ እሱን ከጀመርኩ አይነጋልኝም። አከራዬ «መምህር ነኝ» ስለው ፊቱ እንዴት እንደተለወጠ ብቻ ልብ በሉልኝ።

ትናንት ማታ ልጅቷ ደወለችልኝ። አዲስ ዶርም ገብታለች፣ ስድስት ናቸው፣ ሁሉም ኤዱኬሽን። ተዋወቁ። ከስም ቀጥሎ የሚጠየቀው «ስንተኛ ምርጫሽ ነው?» ነው አለችኝ። አንዷ ዘጠነኛ፣ አንዷ አስራ አንደኛ፣ አንዷ ጭራሽ አልሞላሁትም ትላለች። እሷ ጋ ሲደርስ «አንደኛ» አለች። ዶርሙ ጸጥ አለ። ከላይኛው አልጋ ላይ አንዷ አንገቷን አውጥታ ቁልቁል አየቻትና፣ በጣም አዝና፣

«ውይ የኔ እናት፣ ማን አስሞላሽ?»