«ቸው» የማን ናት?

ትምህርት ቤት ሳለን ግጥም ማለት ቆጠራ ነበር። ቀለሙን (አንድ ጊዜ የሚባለውን የድምፅ ቁራጭ) በጣት ትቆጥራለህ፣ 6 እና 6 ከሆነ «የወል ቤት ነው» ብለህ ትጽፋለህ፣ ቤት መምታቱን ታያለህ፣ አለቀ። መቁጠሩ አልከፋም። የሚያናድደኝ ከቆጠሩ በኋላ ዘግቶ መሄዱ ነው።

ሚያዝያ 1860 ዓ.ም የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲገባ ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። ሕዝቡ እንዲህ አለ፦

ገደልን እንዳይሉ ሞተው አገኟቸው፤
ማረክን እንዳይሉ ሰው የለ በጃቸው፤
ምን አሉ እንግሊዞች ሲገቡ አገራቸው?

እስቲ ጮክ ብላችሁ በሏት። 6 ቀለም፣ ትንሽ ትንፋሽ፣ ደግሞ 6 ቀለም። «በእጃቸው» ብትሉ አንድ ቀለም ይተርፋል፤ «በጃቸው» የተባለው ለዚህ ነው። ሦስተኛው ስንኝ በወረቀት ላይ 7 እና 7 ይመስላል። አፍ ግን «አሉንግሊዞች»፣ «ሲገቧገራቸው» እያለ ትርፉን ይውጠዋል። በዓይኑ የቆጠረ ተማሪ «ምጣኔው ተሰብሯል» ቢል አይፈረድበትም። ግጥሙ የተገጠመው ግን ለጆሮ ነው።

ድግግሞሹን ደግሞ እዩት። እንዳይሉ፣ እንዳይሉ፣ ምን አሉ። ሦስቱም «ማለት» ናቸው። ገጣሚው ጦርነቱን ትቶ ወሬውን ነው የያዘው፤ አገር ቤት ገብተው ምን ብለው ይፎክሩ ይሆን? (እርግጥ ሁለተኛው ስንኝ ትንሽ ጉራ አለበት። የ7 ዓመት ልጅ ገደማ የነበረውን የቴዎድሮስን ልጅ ልዑል ዓለማየሁን ይዘው ሄደዋል፤ እዚያው እንግሊዝ አገር ሞቶ ቀረ።)

እኔን የሚገርመኝ ግን ቤቱ ነው። ሦስቱም ስንኞች በ«ቸው» ይደፋሉ፤ አንዷ ቅጥያ ግን አንድ ሰው ላይ አትቆይም። «አገኟቸው» ላይ «ቸው» ቴዎድሮስ ናቸው፣ የአክብሮት። «በጃቸው» እና «አገራቸው» ላይ እንግሊዞቹ ናቸው፣ የብዛት። ያ ሁሉ ሠራዊት የሚጠራበት «ቸው» ለአንድ የሞተ ሰው ማዕረግ ሆነ። አማርኛ አንቱታና ብዛትን በአንድ ቅጥያ ባያስር ኖሮ ይህ ግጥም እንዲህ ባልተገጠመ።

የኛ መምህር እዚህች ቦታ ላይ «ቤት መትቷል» ብለው ራይት አድርገውበት አለፉ።