የሚሰማን ሰማይ

የምኖረው አሜሪካ፣ ገጠር ውስጥ ነው። ይህን ለሀገር ቤት ዘመዶቼ ስነግራቸው ግራ ይገባቸዋል፤ አሜሪካ ገጠር ያላት አይመስላቸውም። ባለቤቴ የገጠር ሆስፒታል ነርስ ናት። እኔ ከቤት ሳልወጣ በስልክና በቪዲዮ በሐኪሞችና በእኛ ሰዎች መሀል አስተረጉማለሁ። ሥራዬ ያለ ኢንተርኔት የለም። በመሬት ውስጥ የሚዘረጋው ፈጣኑ የኢንተርኔት ገመድ፣ ፋይበሩ፣ ደግሞ ዋናው አስፋልት ላይ ቀርቷል፤ ከዚያ ወዲህ ላለነው ሦስት አባወራ ብሎ መሬት የሚቆፍር አልተገኘም። ስለዚህ ዓመታት የኖርነው በሳተላይት ኢንተርኔት ነው። በእነዚህ ዓመታት ከዚህ ቤት ይልቅ ያደግኩበትን ገጠር ነው ደጋግሜ ያሰብኩት።

መጀመሪያ ያስገባነው የድሮውን ዓይነት ነበር። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው። ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ከታች ሆኖ ለሚያየው አንድ ቦታ የቆመ ይመስላል፤ ቤቱ ላይ የሚተከለው ሳህን (ዲሽ) አንዴ ከተተከለ አይነቃነቅም። ችግሩ ርቀቱ ነው። የተናገርከው ወደ ሳተላይቱ ይወጣል፣ ወደ መሬት ጣቢያ ይወርዳል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ሲደመር ከ143,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለብርሃን እንኳ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ የመሣሪያዎቹ ጊዜ ሲጨመርበት ከ600 ሚሊሰከንድ (ከሰከንድ 600 ሺኛ) ያልፋል።

ፊልም ለሚያይ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ለአስተርጓሚ ግን ከባድ ነው። ሐኪሙ “ሕመሙ መቼ ጀመረ?” ይላል። ወደ አማርኛ መልሼ እጠይቃለሁ። ታካሚዋ እማማ መልሱን ጀምረዋል፤ ድምፃቸው ግን ገና በመንገድ ላይ ነው። ሐኪሙ ዝምታውን ያልገባቸው አድርጎ ይወስድና ሁለተኛ ጥያቄ ይጨምራል። ሁለቱ ድምፆች መሀል ላይ ይጋጫሉ፣ ሁለቱም ያቆማሉ፣ ሁለቱም እንደገና አብረው ይጀምራሉ። ከዚያ እማማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ልጄ፣ እየሰማኸኝ ነው?” ይሉኛል። በዚያ ዘመን ይህን ጥያቄ በቀን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ፈጣሪ ይወቀው። በሽተኛ ሰው፣ በባዕድ አገር፣ በማያውቀው ቋንቋ መሀል ሆኖ፣ የሚሰማው ሰው መኖሩን ሲጠራጠር ያሳዝናል። በዚያ ላይ የወሩ ዳታ በሁለት ሳምንት ያልቅና ፍጥነቱ ይወርዳል። ድርጅቱ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እስከ ንጋት የተለየ ዳታ ይሰጥ ስለነበር፣ የልጆቹን የትምህርት ፋይል ለማውረድ ሌሊት የምነሣባቸው ቀናት ነበሩ።

በኋላ ስታርሊንክ ወደሚባለው አዲሱ የሳተላይት ኢንተርኔት ተዛወርን። የዚህኞቹ ሳተላይቶች ከፍታ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያዎቹ 60 የተመጠቁት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ሲሆን አሁን በሺዎች ይቆጠራሉ። አንዱ ሳተላይት በደቂቃዎች ውስጥ ከአናትህ ላይ ያልፋል፤ ጠፍጣፋው ሳህን ሳይንቀሳቀስ ጨረሩን በኤሌክትሮኒክስ እያዞረ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። መዘግየቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 60 ሚሊሰከንድ ነው። ሳህኑ በረዶ ሲጥልበት ራሱን አሙቆ ያቀልጠዋል። የመጀመሪያው ቀን ያስተረጎምኩላቸው አባት አንድም ጊዜ “ትሰማኛለህ?” አላሉኝም። ጥሪው ሲያልቅ ስልኩን ዘግቼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

እንከን የለውም አልልም። ከቤታችን በስተሰሜን አንድ ትልቅ የወርካ ያህል ዛፍ አለ፤ ሳተላይት ከጀርባው ባለፈ ቁጥር መስመሩ ለአንድና ሁለት ሰከንድ ይቋረጥ ነበር። ሰከንድ ምን አላት ይባል ይሆናል። አንድ ታካሚ “ደረቴን አላመመኝም” ሲሉ እኔ ጋ የደረሰው “ደረቴን... መመኝ” ብቻ ነበር። የአማርኛ አሉታ (“አል...ም”) ቃሉን ከፊትና ከኋላ ይዞ ነው የሚሄደው፤ ሁለቱ ጫፍ ከተቆረጠ ጤነኛው የልብ ሕመምተኛ ሆኖ ይቀርባል። ይድገሙልኝ ብዬ ተረፍን። በሳምንቱ ሳህኑን ከዛፉ አርቄ የከብት ቤቱ ጣሪያ ላይ አወጣሁት።

ሀገር ቤት ያደገ ሰው ሳተላይትን የሚያውቀው በዲሽ ነው። አንድ ልጅ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ በጥቂት በጥቂቱ ያዞራል፤ ሌላው በር ላይ ቆሞ አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ የሲግናሉን መስመር ያያል። “መጣ?” “አልመጣም!” “አሁንስ?” “ትንሽ ወደ ግራ... መጣ መጣ! እንዳትነካው!” ጣሪያ ላይ የሚወጣው ልጅ እኔ ነበርኩ። ኢትዮሳት ሲመጣ፣ ወደ ምዕራብ ናይልሳትን ሲያይ የኖረው ሳህን ወደ ምሥራቅ ዞረ፤ ያኔ የወጣው ታናሽ ወንድሜ ነው። ዲሽ መብራት ባለበት ሁሉ ገብቷል፣ መብራት በሌለበትም በሶላር ገብቷል። የሩቅ ገበሬ ቤት ተቀምጦ የዓለምን ወሬ ያያል። ያ ሳህን ግን ይቀበላል እንጂ አይልክም። ከሰማይ የመጣልንን ስንሰማ ኖርን፤ እኛ ያልነው ግን ከጣሪያችን ወዲያ አልሄደም።

ዘጠነኛ ክፍል በገባሁበት በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ትምህርት ተጀመረ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተቀረጸ ነበር፤ በሳተላይት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሁሉ በአንድ ሰዓት ይወርዳል። ቤተ ሙከራ አይተን የማናውቅ ልጆች የኬሚስትሪ ሙከራ ያየነው በእሱ ነው፣ ይህን አልክድም። የማልረሳው ግን አንድ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ሦስተኛው መስመር ላይ ቀረበትና እጁን አወጣ። ስክሪኑ ላይ ያለችው መምህርት ቀጠለች። የእኛ መምህር እጁን አይተውታል፣ ግን ማስቆም አይችሉም፤ ስርጭቱ ለሀገሩ በሙሉ አንድ ነው። ልጁ ግራ እጁን በቀኝ እጁ ደግፎ ትንሽ ቆየ። ከዚያ አወረደው። በዚያ ዓመት ከእሱም ከእኛም እጅ የሚያወጣ እየጠፋ ሄደ።

የወረዳ ኔትም ነበር። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን በሳተላይት ከማዕከል ያገናኘ ሥራ ነው፤ በዚያ መስመር ድምፅም ምስልም በሁለቱም አቅጣጫ ሄዷል። ስለዚህ ቴክኖሎጂው ከብዙ ዓመት በፊት ሀገራችን ገብቷል፣ መላክ የሚችለውም ጭምር። የቆመው ግን ቢሮ ውስጥ ነው፤ ቀበሌ ድረስ፣ ክፍል ውስጥ እጁን ያወጣው ልጅ ድረስ አልወረደም።

የእዚህ አገርና የእኛ ልዩነት በፍጥነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላስጨነቀኝ። እዚህ የገጠር ሰው ራሱ የሚልከው ነገር እንዳለው ታስቦ ነው የሚሠራው። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 አንድ መስመር ብሮድባንድ (ፈጣን ኢንተርኔት) ለመባል የሚያስፈልገውን ፍጥነት ሲያሻሽል ማውረጃውን ከ25 ወደ 100 ሜጋቢት፣ መላኪያውን ደግሞ ከ3 ወደ 20 ሜጋቢት በሰከንድ አሳድጎታል። ማውረጃው አራት እጥፍ፣ መላኪያው ወደ ሰባት እጥፍ ገደማ ነው ያደገው። ጎረቤቴ ከብት አርቢ ሽማግሌ ናቸው። ባለፈው ጸደይ አንዲት ላም ስታነክስባቸው በስልካቸው ቀርጸው ለእንስሳት ሐኪሙ ላኩለት። ሐኪሙ ከሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ሆኖ የኋላ ቀኝ ሰኮናዋን እንዲያጥቡና በቅርበት እንዲቀርጹለት ነገራቸው። እኔ እዚያው አጥሩ ላይ ተደግፌ ነበር። ሀገር ቤት ከብት ሲታመምበት ገበሬው እንስሳውን እየነዳ ስንት ሰዓት እንደሚሄድ ስለማውቅ፣ የሆነ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ታናሽ እህቴ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ለአንድ ቀበሌ፣ ለ5,000 ያህል ሰው፣ ሁለት ሆነው ይሠራሉ። የነፍሰ ጡሮችንና ክትባት ያቋረጡ ሕፃናትን መዝገብ የምትይዘው በታብሌት ነው። ታብሌቱ ያለ ኔትዎርክም ይመዘግባል፤ ለመላክ ግን ኔትዎርክ ይፈልጋል። ኔትዎርኩ ያለው ጋራው ጫፍ ላይ ነው፤ አርባ ደቂቃ ሽቅብ። በሳምንት አንድ ቀን ታብሌቱን በፕላስቲክ ጠቅልላ በነጠላዋ አቅፋ ትወጣለች። እዚያ ቆማ ወደ ላይ ከፍ ታደርገዋለች፤ ክቡ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ አንዳንዴ ይሳካል። ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ጋራው ላይ መብረቅ አለ፤ እንዳትወጣ እለምናታለሁ። “ጋሽዬ፣ ካልላክሁት እንዳልሠራሁት ነው” ትለኛለች።

ታዲያ አንድ ሳህን ጤና ኬላው ጣሪያ ላይ ቢቀመጥ ስል ብዙ አስቤያለሁ፤ ቁጥሩንም ሠርቼዋለሁ። መሣሪያው ከ50 እስከ 100 ዋት ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ካልበራ ነገሩ ቀላል ነው፤ ፀሐይ ባለበት ቀን አንድ 100 ዋት ፓነልና አንድ ደህና ባትሪ ለሦስትና ለአራት ሰዓት ያቆዩታል። የሳምንቱን መዝገብ ለመላክ አንድ ሰዓት ይተርፋል፤ በቀረው ሰዓት ሐኪም ማማከር፣ አጠገቡ ላለው ትምህርት ቤትም ማካፈል ይቻላል። ከባድ ዝናብ ሲግናሉን ያዳክመዋል፣ ዝናቡ ሲያባራ ግን ይመለሳል፤ ጋራ መውጣት ላይ ካለው አደጋ ጋር አይወዳደርም።

መሣሪያ ገዝቶ መላክ ብቻ ቢሆን ልኬ ነበር። ከሰማይ የሚወርደው ሞገድ ግን በየአገሩ ሕግ ይገዛል። ስታርሊንክ ናይጄሪያ የጀመረው እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ነው፣ ሩዋንዳ በየካቲት፣ ጎረቤታችን ኬንያ በሐምሌ። በእኛ አገር የዚህ ዓይነቱ ፈቃድ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሥራ ነው። አገር የአየር ሞገዷንና የሕዝቧን መረጃ መጠበቅ እንዳለባት ይገባኛል፣ ችኮላም አልመክርም። ሳተላይት ፋይበርን እንደማይተካም እዚህ ኖሬ አውቄዋለሁ፤ በአንድ አካባቢ ተጠቃሚው ሲበዛ ያለውን አቅም ነው የሚካፈለው፣ ስለዚህ ለከተማ አይሆንም። እኔ የምለው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። ማንኛውም ፈቃድ፣ ለማንኛውም ድርጅት ሲሰጥ፣ የመጀመሪያዎቹ ሳህኖች ፋይበርም የስልክ ማማም ለዓመታት የማይደርስባቸው ጤና ኬላዎችና ትምህርት ቤቶች ላይ ይተከሉ። ከሕዝባችን ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚኖረው ገጠር ነው። ከተማ ያለው አማራጭ አለው።

ይህን ሁሉ ባለፈው እሑድ ለእህቴ አስረዳኋት። ጋራው ላይ ነበረች፤ ነፋሱ ቃሏን እየቆራረጠው ነበር። ሳተላይቱን፣ ከፍታውን፣ ፓነሉን እስከ ባትሪው ድረስ ነገርኳት። ጸጥ ብላ ሰማችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦

“ጋሽዬ፣ ሲመጣ ወረዳ ነው የሚቀመጠው ወይስ እኛ ጋ?”