ግሱ መንገድ ላይ ነው

ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል። የድሬ ፀሐይ አስፋልቱን ልታቀልጠው ምንም አልቀራት። እኔ ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንጫጫ። ስምንት ጊዜ፣ በላይ በላዩ። ሰው ሞቷል ብዬ በድንጋጤ አወጣሁት። ጓደኛዬ ነው፣ በቴሌግራም።

«ስማ»
«አባትህ»
«ዛሬ»
«ጠዋት»
«መጋላ ጋ»
«በባጃጅ»
«እኔን»
«አቦ»

ከዚያ ዝም። ከላይ «እየጻፈ ነው» ይላል። ይጠፋል። ደግሞ ይላል። ውሃው እጄ ላይ ሞቀ። አባቴ፣ ዛሬ ጠዋት፣ መጋላ ጋ፣ በባጃጅ፣ ምን? ተገጨ? ወደቀ? ወይስ ገጨው? አባቴ መንዳት እንኳ አይችልም! ብደውል አያነሳም። እንዴት ያነሳል፣ እየጻፈ ነው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ግሱ ደረሰ።

«ሰላም ሳይለኝ አለፈ»

(ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይወደድም፣ የሰው አባትም «አለፈ» ነው።)

አንዳንዱ ሰው በዚህ ይናደዳል። እኔ ግን አደንቃለሁ። ቴሌግራም በአንድ መልእክት 4,096 ፊደል ይፈቅዳል። ጓደኛዬ አራቷን ብቻ ተጠቅሞ 4,092ቱን ለአገር ይመልሳል። እንዲህ ያለ ቆጣቢ የት ይገኛል? ደግሞ የቋንቋውን ተፈጥሮ እንዴት እንዳወቀበት! አማርኛ ግሱን መጨረሻ ነው የሚያስቀምጠው። ማን አደረገው፣ ተደረገበት፣ ጭራሽ አልተደረገም፣ ሁሉም እዚያች የመጨረሻ ቃል ላይ ተጠቅልሎ ይመጣል። እንግሊዝ ቢሆን ግሱን ከባለቤቱ ጎን ስለሚያቆመው በሁለተኛዋ መልእክት ጉዱ ይወጣ ነበር፣ ልብ መስቀል የለም፣ ጣዕም የለም። እኛ ግን ታድለናል። ቋንቋ እንቀይር ብል ራሱ ማምለጫ የለኝም። ኦሮምኛውም ግሱን መጨረሻ ነው የሚያመጣው፣ ሶማሊኛውም፣ ሐረሪውም። ድሬ ውስጥ በአራት ቋንቋ መጠበቅ ይቻላል።

ይሄው ሰውዬ ማታ ፌስቡክ ሲከፍት ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናል። ቀን ሙሉ ያጠራቀማቸውን ቃላት አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ይጭናቸዋል። ሰሞኑን የለጠፈው እንዲህ ይጀምራል፦ «ዛሬ ጠዋት ከሳቢያን ተነስቼ ወደ ታይዋን ገበያ ስሄድ በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ጉድ ሳልናገር ባልፍ ህሊናዬ ዕረፍት የሚነሳኝ ከመሆኑም ባሻገር እንደ አንድ ለከተማው ተቆርቋሪ ዜጋ ዝም ማለት ከጥፋት የማይተናነስ መሆኑን በመገንዘብ እና እናንተ የተከበራችሁ ወዳጆቼም ብትሆኑ የየበኩላችሁን እንድትሉበት በማሰብ...» እናም ይቀጥላል። አራት ነጥብ የለም። ነጠላ ሰረዝም የለም። ትንፋሽ የሚወሰድበት ጣቢያ የለም።

ይሄ ነገር የድሬ ልጅ ደም ውስጥ ያለ ነው መሰለኝ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እኛ ጋ የደረሰው በ1902 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ከዚያ ገንዘብ አልቆ ቆመ፣ ተሟገቱበት፣ እንደገና ተጀመረ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ባቡሩ ግሱ ጋ ለመድረስ አሥራ አምስት ዓመት ፈጀበት ማለት ነው። የጓደኛዬ ዓረፍተ ነገር ሲታይ ፈጣን ነው። አስተያየት መስጫው ላይ ሰው «ልክ ብለሃል»፣ «ትልቅ ሰው»፣ «ጽሑፍ እንዲህ ነው» እያለ ሲያጨበጭብ እኔ አሁንም ከነባለቤቱ ግሱን እየፈለግኩ ነበር። በመጨረሻ አገኘሁት፦ «...የሳምቡሳው መጠን መቀነሱ እጅግ አሳዝኖኛል»።

ሻጮቻችንም ሊመሰገኑ ይገባል። እነሱ ከግስ ከነአካቴው ገላግለውናል። «አዲስ! ኦሪጅናል! ውስን ፍሬ! ዋጋ በውስጥ መስመር!» ታች ሰባ ሰው ተሰልፎ «ስንት» ይላል። መልሱ ለሰባውም አንድ ነው፣ «ውስጥ»። ገባሁ። «ሰላም» አለኝ። «ሰላም» አልኩት። «ደህና ነህ» አለኝ። «ደህና» አልኩት። «ምን ልታዘዝ» አለኝ። በዚህ ሰዓት በእግሬ ታይዋን ገበያ ደርሼ፣ ተከራክሬ፣ ተስማምቼ፣ ዕቃውን በፌስታል አንጠልጥዬ እመለስ ነበር። እዚያ ያለው ነጋዴ ጥበቡ ገና አልገባውም። «ስንት ነው?» ስትለው «በስምንት መቶ ውሰደው፣ ከዚያ አልወርድም አቦ» ይልሃል፣ ዋጋውንም ግሱንም ባንድ ትንፋሽ። እንዲህ በግልጽ እየተናገሩ ንግድ!

ድሮማ ለማሳጠር ምክንያት ነበረን። የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል ከሆነ 160 ፊደል ይችላል። በራሳችን ፊደል ስትጽፍ 70 ላይ ያበቃል፣ ከዚያ ሁለተኛ መልእክት ተብሎ ይቆጠርብሃል። ስለዚህ ሰላምታችንን በላቲን ፊደል አድርገን፣ አናባቢውን ቆርጥመን፣ አጥንቱን ብቻ እንልክ ነበር። ተቀባዩ ሥጋውን ከራሱ ጨምሮ ያነባል። ያ ችግር ነበር። የአሁኑ ግን ምንም ሳይጎድለን ስለምናደርገው ጥበብ ነው።

አራት ነጥብ የማስቀመጥ ልማዴን ደግሞ ታናሽ እህቴ አስተወችኝ። «እራት ላይ እንገናኝ» አለችኝ፣ እኔ «እሺ።» ብዬ መለስኩ። ወዲያው ደወለች። «ምን አደረግኩህ?» ምንም። «ታዲያ ነጥቡ ምንድነው?» ለካ አራት ነጥብ በር መዝጋት ሆኗል። አሁን «እሺሺሺ» ብዬ እጽፍላታለሁ፣ ሦስት ሳቂታ ፊት እጨምርበታለሁ፣ ሰላም ነን።

ቤተሰባችን ውስጥ ወደ ኋላ የቀረችው ሐረር ያለችው አክስቴ ብቻ ናት። ጣቷ ፊደል አይለቅምም፣ የድምፅ መልእክት ነው የምትልከው። አራት ደቂቃ። ከኋላዋ ዶሮ ይጮሃል፣ አንዱ በር ያንኳኳል፣ እሷ «ቆይ መጣሁ» ብላ ሄዳ፣ ከፍታ፣ ተመልሳ፣ የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር ካቆመችበት አንስታ ትጨርሰዋለች። ባለቤቱ አለ፣ ግሱ አለ፣ ምርቃቱም መጨረሻ ላይ ተጨምሮ አለ። አንዴ አዳምጠህ ሁሉ ይገባሃል። ከዚያ በኋላ ምን ያወያያል? ለዚህ ነው የቤተሰቡ ግሩፕ ውስጥ ማንም የማይመልስላት።

እኔ ግን እየተሻሻልኩ ነው። ለዚያ ለጓደኛዬ ሁለት ሺህ ብር አበድሬው ነበር። ሐሙስ ዕለት ጻፍኩለት፣ «ብሩ?» ብዬ። ግስ የለውም፣ ልብ በሉ። ወዲያው መለሰ፣ እግዜር ይስጠው።

«ብርህን»
«ነገ»
«ጠዋት»
«በቴሌብር»

እልክልሃለሁም አልልክልህምም እዚህ ጫፍ ላይ እኩል ይገባሉ። ከላይ «እየጻፈ ነው» ይላል። ዛሬ ሰኞ ነው።