የጾም ማጂክ

ማጂክ ሠሪ ነኝ። «ምትሃተኛ» የሚለው ቃል ያምር ነበር፤ ሰፈር ውስጥ ግን እንደዚያ የሚጠራኝ የለም። «ያ ማጂክ የሚሠራው ልጅ» ነኝ። 38 ዓመቴ ነው። ልጅ የሚሉኝ ደህና ሥራ የለውም ለማለት ነው።

እንጀራዬ ልደት ነው። ሠርግ አንዴ ሞክሬአለሁ። ከሙሽራው አጎት ሰዓት ተውሼ አጠፋሁና ከሌላ ሰው ኪስ አውጥቼ መለስኩላቸው። ተጨበጨበ። አጎትየው ግን ምሽቱን ሙሉ የጨፈሩት በአንድ እጃቸው ኪሳቸውን ጨብጠው ነው። እኛ አገር ሰው ዓይኑ እያየ ዕቃው ሲጠፋ ስሙ ማጂክ አይደለም፤ አፍዝ አደንግዝ ነው። ጥንቸልም አልይዝም። ፈረንጅ ከባርኔጣው ጥንቸል ሲያወጣ ልጆች ሊያቅፏት ይሻማሉ። እኛ ጋ ኦሪት ዘሌዋውያን አለ። ጥንቸሏ ከባርኔጣ ስትወጣ አያቶች ከቤት ይወጣሉ።

ስለዚህ ከሰው ጆሮ እንቁላል አወጣለሁ። እንቁላሌን የሰፈራችን አናጢ ከዋንዛ ጠርቦ ነጭ ቀለም ቀብቶ ነው የሠራልኝ። ብትወድቅ አትሰበርም፣ ብትቆይ አትገማም። ከሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ የማምነው እሷን ነው። ሌላ ባልደረባ የለኝም።

አንድ ክረምት ታዲያ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ለልደት ተጠራሁ። ከመገናኛ ስሳፈር ረዳቱ ለሻንጣዬም ሒሳብ ተቀበለኝ። ስወርድ አንድ እግር ነጭ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ተመልሼ እጄን እስከ ክንዴ ከትቼ አወጣሁት። ያን ቀን ከሠራሁት ማጂክ ያለ እንከን ያለፈው እሱ ብቻ ነው፤ ያየኝም የለም።

ወሩ ነሐሴ ነው፣ ፍልሰታ። ፍልሰታ ደግሞ የልጆች ጾም ናት። ሁዳዴን የሚዘል ልጅ እንኳ ፍልሰታን ይይዛል። ልደተኛው ሰባት ዓመት ሞልቶታል፣ እየጾመ ነው፣ በማግስቱ እሑድ ይቆርባል። ኬኩም የጾም ነው። እናትየው በስልክ «ወንድሜ አደራ፣ ሁሉም ነገር የጾም ይሁን» ብላኛለች። ማጂክ የጾምና የፍስክ እንዳለው ያወቅኩት ያኔ ነው። በእንቁላል ፈንታ ሎሚ አዘጋጀሁ። እንቁላሏን ግን ከልማድ የተነሣ ግራ ኪሴ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

የዚህ ሙያ አንደኛ ሕግ «ምን ልትሠራ እንደሆነ አስቀድመህ አትናገር» ነው። ሰው ምን እንደሚመጣ ካላወቀ ምን እንደቀረበት አያውቅም። ሲበላሽብህ የሆነውን ይዘህ «አያችሁ?» ብለህ ትቆማለህ። (የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎች ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። ውሃ መቼ እንደሚመጣ ተናግረው አያውቁም። ሲመጣ ግን «አያችሁ?») ሁለተኛው «አትድገም» ነው። በመጀመሪያው የልጆቹ ዓይን የት እንደሚያርፍ አንተ ትመርጣለህ። በሁለተኛው እነሱ ይመርጣሉ።

ሲበላሽ ማሳቅም አንድ መላ ነው። እንግሊዛዊው ቶሚ ኩፐር ስም ያወጣው በሚበላሹ ማጂኮች ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1984 በቴሌቪዥን ቀጥታ ሥርጭት ላይ ልቡ ቀጥ ብሎ ሲወድቅ ተመልካቹ የቀልዱ አካል መስሎት ሳቀ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ እኔ ስወድቅ «ኧረ የምሬን ነው» እላለሁ።

ወደ ልደቱ ልመለስ። ገመዱም ካርታውም ደህና አለፉ። አንድ ልጅ ብቻ «ቲክቶክ ላይ አይቼዋለሁ» እያለ ይበጠብጠኛል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ሲሆን ሎሚዋ ልትወጣ ተራዋ ደረሰ። ከኮቴ ጀርባ ቀበቶዬ ላይ ሸጉጫታለሁ። እጄን ወደ ኋላ ስሰድ መብራት ድርግም።

እ.ኤ.አ. በ1856 የፈረንሳይ መንግሥት ሮቤር ኡዳን የሚባል ማጂክ ሠሪ ወደ አልጄሪያ ልኮ ነበር፤ የአገሬው ሰው የፈረንሣዮቹ ምትሃት ይበልጣል ብሎ እንዲፈራ። ሰውየው አንዲት ትንሽ ሣጥን መድረክ ላይ ያስቀምጣል። ጡንቸኛ ጎልማሳ ጠርቶ አንሣ ይለዋል፤ ያነሣታል። «አሁን ጉልበትህን ወሰድኩብህ» ይለውና ድጋሚ አንሣ ይለዋል፤ ንቅንቅ አትልም። የሣጥኗ ሥር ብረት ነው፤ ከመድረኩ በታች በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት አለ። የተላከው አባዶ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ላይ መብራት ሄዶ አንድ ሕፃን ሣጥኗን ብድግ አድርጎ ይዞለት በሮጠ ነበር።

መብራት መጥፋቱስ ባልከፋ። የከፋው ሁሉም የስልኩን ባትሪ ማብራቱ ነው። ማጂክ ከፊት እንጂ ከኋላ መብራት አይወድም። ያ የቲክቶክ ልጅ ከጀርባዬ ሆኖ አበራብኝ።

«ሎሚ ደብቋል! ጀርባው ላይ ሎሚ አለ!»

«እሱማ ለሻይ ነው» አልኩ። አዋቂዎቹ ሳቁ። አንደኛው ሕግ ሠራ። አሁን ቶሎ ሌላ ነገር ማምጣት አለብኝ፤ ምን እንደሆነ ያልተናገርኩት ነገር። ግራ እጄ ሳልነግረው ኪሴ ገባ። ከልደተኛው አፍ ላይ እንቁላል አወጣሁ።

የስልኮቹ መብራት በሙሉ እንቁላሏ ላይ አረፈ። እንደዚያ ያማረ መብራት በሕይወቴ አግኝቼ አላውቅም። ልጁ እንቁላሏን አየ። አፉን ዳሰሰ። ከዚያ ብሎኩን በሙሉ በእሪታ አናጋው።

«ገደፍኩ! እማዬ፣ ገደፍኩ!»

«በቃ ነገ አትቆርብም» አለች ታላቅ እህቱ። ድምፅዋ ውስጥ ሐዘን አልነበረም።

«ከእንጨት ናት» ብል ልጁ ይድናል። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ምን ይዤ ልደት እሄዳለሁ? ሚስጥር እንዳናወጣ የሚያዝዘው ሕጋችን ስለ ቁርባን የሚለው ነገር የለም። ዝም አልኩ። እናትየው በጨለማ ውስጥ ስታየኝ ይታወቀኛል።

የታደጉኝ አያቱ ናቸው። ጥግ ላይ ካለችው በርጩማ ሳይነሡ ልጁን ጠሩት።

«ና ወዲህ። ወጣ ነው ገባ?»

«ወጣ።»

«ዋጥክ?»

«አልዋጥኩም።»

«ታዲያ! የሚያስገድፈው ሲገባ ነው። ይሄ ወጣ እንጂ ገባ እንዴ?»

ነገሩ አለቀ ስል አንዱ ጎረምሳ፣ የሰንበት ተማሪ ነው መሰለኝ፣ ተነሣ። «እማማ፣ ወንጌሉ ግን ከአፍ የሚወጣው ነው የሚያረክሰው ይላል።»

«እሱ ስለ ሐሜት ነው! እንቁላል አላለም!»

ጎረምሳው ተቀመጠ። ልጁም እንባውን ጠርጎ ወደ ኬኩ ሄደ። እኔ ሻንጣዬን ስሰበስብ አያትየው እጃቸውን ዘረጉ።

«አንተ ልጅ፣ እንቁላሉ የሐበሻ ነው የፈረንጅ?»

«የሐበሻ ነው እማማ።» አልዋሸሁም። አናጢው የጎሮ ልጅ ነው።

«በል አምጣው። ጾሙ ሲፈታ እሱ ይበላዋል፤ ከሱ አፍ አይደል የወጣው?» በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። በእጃቸው መዘኑት። «ይከብዳል። ሁለት አስኳል ሳይኖረው አይቀርም።»

ምን ልበል?

አባትየው ክፍያውን በስልክ ላኩልኝ። «ከእኔ ወጥቷል» አሉ። እኔ ጋ አልገባም። ወጥቷል፣ ግን አልገባም። ይህንንም ይዳኙኛል ብዬ ወደ አያትየው ዞር አልኩ፤ ቡና ይዘዋል። ገንዘቡ በሦስተኛው ቀን ገባ።

ነሐሴ 16 ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ስልኬ ጠራ። የልደተኛው እናት ናት። አነሣሁና ምንም ሳልናገር ጠበቅኩ። ከወዲያ በኩል የሆነ ነገር የመጥበሻ ጠርዝ ላይ ሲመታ ይሰማኛል። ኳ። ኳ። ኳ። ቀጥሎ የአያትየው ድምፅ መጣ።

«እስቲ ዘነዘናውን አቀብዪኝ።»