መጀመሪያ ባቡሩን ቀነሱ፣ ከዚያ ተሳፋሪ የለም አሉ

በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ ኩኔዮ ከምትባል ከተማ ተነስቶ ቬንቲሚሊያ ላይ ባሕር የሚደርስ አንድ የባቡር መስመር አለ። ርዝመቱ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ የቬርሜናኛን ወንዝ ሸለቆ ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ሊሞኔ ሲደርስ ተራራ ይገጥመዋል፤ ስምንት ኪሎ ሜትር በሚሆን ዋሻ ሰንጥቆት ያልፋል። ከተራራው ማዶ የሮያን ወንዝ ያገኝና እየተጠማዘዘ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። መሃል ያለው የመስመሩ ክፍል ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ስለዚህ ባቡሩ ከጣሊያን ይነሳል፣ ፈረንሳይን ያቋርጣል፣ ተመልሶ ጣሊያን ይገባል።

መስመሩ ውብ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። በ2020 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፋይ የተባለው የጣሊያን ቅርስ ጠባቂ ተቋም ሕዝቡ የሚወደውንና እንዲጠበቅለት የሚፈልገውን ቦታ እንዲመርጥ ጠይቆ ነበር። አንደኛ የወጣው ይህ ባቡር ነው። ከ75 ሺህ በላይ ድምፅ አግኝቶ የታወቀ ቤተ መንግሥት እንኳ በልጧል።

ሰው ይህን ያህል የሚወደው መስመር ግን ከ2013 ማብቂያ ጀምሮ ለዓመታት ዳር እስከ ዳር የሚሠራው በቀን ሁለቴ ደርሶ መልስ ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት ስምንት ነበር።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ስለ ሸለቆ ባቡሮች በተነሳ ቁጥር ባለሥልጣናት የሚሉት አንድ ነው፤ «ተሳፋሪ የለም»። እውነቱ ግን ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ባቡሩ ይቀነሳል። ሰው አማራጭ ሲያጣ ተበድሮም ቢሆን መኪና ይገዛል። ከዚያ ባዶው ፉርጎ ለመዝጊያ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል።

በቀን ሁለት ባቡር ማለት ለአንድ ሰው ምን ማለት እንደሆነ እንየው። ኩኔዮ ውስጥ ማክሰኞ ማክሰኞ ትልቅ ገበያ ይቆማል። ጋሊምበርቲ የሚባለው ሰፊ አደባባይ በድንኳን ይሞላል። አይብ ሻጩ፣ ልብስ ነጋዴው፣ አትክልት ይዞ የወረደው ገበሬ ሁሉ እዚያ ነው። ከተራራው ማዶ ያለችው የቴንዳ ሰው ከድሮ ጀምሮ ወደዚህ ገበያ ይመጣል። አሁን አንዲት የቴንዳ እናት ማክሰኞ ገበያ መሄድ አሰቡ እንበል። ስምንት ባቡር ሲኖር ጠዋት ሄደው፣ ዕቃቸውን ገዝተው፣ ዘመድ ጠይቀው፣ በፈለጉት ሰዓት ይመለሳሉ። ሁለት ባቡር ሲሆን ግን ቀኑን የሚያዝዝባቸው የጉዞ ሰሌዳው ነው። ገበያው ቶሎ ቢያልቅላቸው ጣቢያ ላይ ሰዓታት ተጎልተው ይጠብቃሉ። ሐኪም ቤት ወረፋ ቢረዝምባቸው ደግሞ ባቡሩ ጥሏቸው ይሄድና ማደሪያ ፍለጋ ይገባሉ። አንዴ እንዲህ የሆነ ሰው ሁለተኛ ባቡር አያስብም። ቆጣሪው ግን «አንድ ተሳፋሪ ቀነሰ» ብሎ ይመዘግባል። ለምን እንደቀነሰ የሚጻፍበት ቦታ ወረቀቱ ላይ የለም።

ይህ መስመር እንዲህ ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ትልቁ ዋሻ ተቆፍሮ ያለቀው በ1898 ነው። ሙሉው መስመር ግን እስከ 1928 አልተከፈተም። ከፍታውን ለማሸነፍ ሐዲዱ አንዳንድ ቦታ ተራራው ሆድ ውስጥ ክብ ዞሮ ከገባበት በላይ ይወጣል። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ጀርመኖች ሲያፈገፍጉ ድልድዮቹን በፈንጂ አፈረሷቸው። የሮያ ሸለቆ ከ30 ዓመት በላይ ያለዚህ ባቡር ኖረ። መስመሩ እንደገና የተከፈተው በጥቅምት 1979 ነው።

እዚህ ላይ እኛን የሚነካ ነገር አለ። ቴንዳና አጎራባቿ ብሪጋ ከጣሊያን ወደ ፈረንሳይ የዞሩት በ1947ቱ የፓሪስ የሰላም ውል ነው። ጣሊያን የኢትዮጵያን ነጻነት ያወቀችውና 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ልትከፍላት የተስማማችውም በዚሁ ውል ነው። የአንድ ጦርነት ሒሳብ በአንድ ሰነድ ሲወራረድ፣ አንዱ አንቀጽ ስለ እኛ፣ ሌላው ስለዚህ ሸለቆ ይናገር ነበር።

የዚያ ሒሳብ ርዝራዥ እስካሁን ሐዲዱ ላይ አለ። በ1970 ሁለቱ አገሮች ሲስማሙ፣ ጦርነቱን ያመጣችው ጣሊያን ናት በሚል የመስመሩ ጥገና ወጪ በእሷ ላይ ወደቀ። ሐዲዱ ፈረንሳይ ውስጥ፣ ሒሳቡ ጣሊያን ኪስ! ከፋዩ ለሰው አገር ሐዲድ ገንዘብ ማውጣት አይጥመውም። ባለቤቱ ደግሞ ከፋዩን ይጠብቃል። በዚህ መሃል ሐዲዱ አረጀ። በ2013 በፈረንሳዩ ክፍል የባቡሩ ፍጥነት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ላይ ተገደበ። ጉዞው ረዘመ፣ ባቡሩ ቀነሰ፣ ሰው ሸሸ። ከጦርነቱ በኋላ የተወለደ ሰው በዚህ ምክንያት ሥራ ቦታው በሰዓቱ የማይደርስበት ምክንያት ለእኔ አይገባኝም።

ከቴንዳ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሳን ዳልማትሶ የምትባል መንደር አለች፤ ዛሬ ፈረንሳይኛ ስሟ ሴን ዳልማ ነው። መንደሯ ትንሽ ናት፣ ጣቢያዋ ግን እንደ ቤተ መንግሥት ይገዝፋል። ያኔ እዚህ የነበረው የጣሊያን ድንበር ነውና ለመታያ ተብሎ የተሠራ ነው። ከ1947 በኋላ ድንበሩ ሄደ፣ ሕንፃው ቀረ። ተጓዡ ከፉርጎው መስኮት ያንን የሚያህል የተዘጋ ግንብ አይቶ ያልፋል። መንግሥት ለክብሩ ሲል ይህን ያህል ማውጣት ይችላል። ሐዲድ ለመጠገን ሲሆን ነው ገንዘብ የሚቸግረው።

ከዚያ 2020 መጣ። በጥቅምት መጀመሪያ ላይ አሌክስ የተባለው ማዕበል ያመጣው ዝናብ በአንድ ሌሊት ሸለቆውን አጠበው። ሮያ ሞልቶ ቤት ወሰደ፣ ድልድይ ወሰደ፣ አስፋልቱን ከነመሠረቱ ጠርጎ ሄደ። ወደ ጣሊያን የሚያልፈው የመኪና ዋሻ መግቢያው ስለተበላ ተዘጋ። የተከፈተው በሰኔ 2025 ነው፤ አምስት ዓመት ሊሞላው ሲል ማለት ነው። ላይኛው ሸለቆ ከዓለም ተቆረጠ። ሄሊኮፕተር ለታመመና ለሕፃን ይሆናል፤ ለመንደር ሁሉ ዱቄትና ውሃ አያመላልስም። መጀመሪያ የተነሳው ባቡሩ ነበር። ጉዳት ቢደርስበትም ከመንገዱ ቀድሞ ተጠገነና ምግብና ሰው ማመላለስ ጀመረ። «አያዋጣም» ሲባል የኖረው መስመር የመንደሮቹ እስትንፋስ ሆነ። ይህ ከሆነ በኋላም «አውቶቡስ ይተካዋል» የሚል ሰው ሲገጥመኝ፣ አውቶቡሱ በየት በኩል ሊሄድ ነበር ብዬ እጠይቃለሁ።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ሸለቆ የራቀ አይደለም። ከ2015 ጀምሮ ፈረንሳይ ድንበሯን ስታጠብቅ ቬንቲሚሊያ ላይ የተጠራቀሙት ወጣቶች ብዙዎቹ ሱዳናውያን፣ ኤርትራውያንና የእኛው ልጆች ነበሩ። ፖሊስ ከባቡር እያወረደ ሲመልሳቸው፣ ሌሊት ሐዲዱን ይዘው በእግራቸው ሮያን ሽቅብ የወጡ አሉ። ባቡር በሚያልፍባቸው ዋሻዎች ውስጥ መሄድ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ለመናገር ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። በዚሁ ሸለቆ በፈረንሳይ በኩል ባለችው ብሬይ ወይራ የሚያመርተው ሴድሪክ ኤሩ ቤቱን ከፍቶ አስጠለላቸው፣ በዚህም ተከሰሰ። ጉዳዩ የፈረንሳይ ሕገ መንግሥት ምክር ቤት ድረስ ደርሶ፣ በሐምሌ 2018 ምክር ቤቱ ወንድማማችነት የሕገ መንግሥቱ መርህ ነው ብሎ ወሰነ። የሮያ ሰው መንገደኛ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል።

አሁን ወደ ሌላ ሸለቆ ልውሰዳችሁ፤ ክርክሬ ሁሉ የተንጠለጠለው እዚያ ላይ ነው። በሰሜን ጣሊያን፣ ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ ጥግ፣ የአዲጄ ወንዝ የሚወርድበት ቬኖስታ የሚባል ሸለቆ አለ። አብዛኛው ሰው ጀርመንኛ ይናገራል። ኑሮው ፖም ነው፤ ከሐዲዱ ግራና ቀኝ እስከ ተራራው ሥር ድረስ የፖም ዛፍ በረድፍ ተተክሏል። ከሜራኖ እስከ ማሌስ 60 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ባቡር የተከፈተው በ1906 ነው። በ1990 የመንግሥት ባቡር ድርጅት ዘጋው። ምክንያቱ ያው የምታውቁት ነው።

ደግነቱ ሐዲዱ አልተነቀለም። በ1999 ሸለቆው ያለበት የቦልዛኖ ራስ ገዝ አስተዳደር ተረከበው። መስመሩን አደሰ፣ ጣቢያዎቹን ጠገነ፣ ሽማግሌም የልጅ ጋሪ የምትገፋ እናትም ያለ ደረጃ የሚገቡበት አዲስ ባቡር ከስዊዘርላንድ አስመጣ። በግንቦት 2005 ባቡሩ ተመለሰ። በየሰዓቱ፣ ከዚያም ብዙውን የቀኑን ክፍል በየግማሽ ሰዓቱ መምጣት ጀመረ። አውቶቡሶቹ ሰዓታቸውን ከባቡሩ ጋር አስተካከሉ። ማሌስ ላይ ስትወርዱ ወደ ስዊዘርላንድ የሚሄደው አውቶቡስ እዚያው ደጃፉ ላይ ይጠብቃችኋል። ጣቢያ ላይ ብስክሌት ተከራይታችሁ ቁልቁል ወንዙን ይዛችሁ ወርዳችሁ፣ ሌላ ጣቢያ ላይ መልሳችሁ በባቡር ትመለሳላችሁ። ባቡሩንም አውቶቡሱንም የሚከፍለው አንድ ካርድ ነው፤ ለዓመታትም ብዙ በተጓዛችሁ ቁጥር የኪሎ ሜትሩ ዋጋ ይቀንስ ነበር።

ተሳፋሪ የለም ተብሎ በተዘጋው መስመር ላይ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዓመት ከሁለት ሚሊዮን በላይ ጉዞ ተመዘገበ። ሸለቆው ያው ነው። ወንዙም፣ ፖሙም፣ ሰዉም ያው ነው። የተለወጠው አገልግሎቱ ነው። ሚያዝያ 2010 ላይ ከባድ ሐዘን ደረሰባቸው፤ የፖም እርሻ የሚያጠጣ የውሃ ቱቦ ፈስሶ መሬቱ ተናደና አንድ ባቡር ላይ ወደቀ፣ ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ። ያኔ ለመዝጋት ሰበብ የሚፈልግ አስተዳደር ቢኖር ይዘጋው ነበር። እነሱ ጠግነው ቀጠሉ።

«ቦልዛኖ ሀብታም ነው» ይሉኛል። ልክ ነው። ከሚሰበስበው ግብር አብዛኛውን ለራሱ የሚያስቀር አስተዳደር ነው፤ የኩኔዮ አውራጃ ያ ዕድል የለውም። ግን የወጪውን ጠባይ ተመልከቱ። በተራራ መስመር ላይ ትልቁ ወጪ ዋሻው፣ ድልድዩና የናዳ መከላከያው ነው። ያ ወጪ ሁለት ባቡር ቢያልፍም አሥር ቢያልፍም አይቀርም። ስድስት ባቡር ቀንሳችሁ የምታድኑት የሹፌርና የነዳጅ ወይም የኤሌክትሪክ ገንዘብ ነው። ለትልቁ ወጪ ከፍሎ ጥቅሙን አለመውሰድ ከሁሉም የባሰ ኪሳራ ነው።

ኩኔዮ ያለችበት የፒዬሞንቴ ክልል በሰኔ 2012 በአንድ ጊዜ በርካታ ቅርንጫፍ መስመሮችን ሲያቆም፣ የታናሮን ወንዝ ተከትሎ ከቼቫ ወደ ኦርሜያ የሚወጣው መስመር አንዱ ነበር። ከ2016 ጀምሮ የድሮ ፉርጎዎች የሚጎትት የጎብኚዎች ባቡር አልፎ አልፎ ይሄድበታል። በ2017 ደግሞ እንዲህ ያሉ መስመሮችን ለቱሪዝም የሚያቆይ ሕግ ወጣ። ሐዲዱ እንዳይነቀል ማድረጉ መልካም ነው፤ ቬኖስታንም ያዳናት ሐዲዱ መቆየቱ ነው። ነገር ግን በበዓል ቀን የሚመጣ ባቡር የኦርሜያን ተማሪ ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት አያደርሰውም። ለሮያ ሸለቆም እንዲህ ያለ ነገር እየታሰበ እንዳይሆን እፈራለሁ። ውበቱ ራሱ ጠላቱ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ፎቶ ሊያነሳበት ይፈልጋል፣ የመንደሩ ሰው ግን የሚሄድበት ያጣል።

በነዚህ ሸለቆዎች ማን መኪና እንደሌለው አስቡ። ተማሪው፣ መንዳት ያቆሙት አዛውንት፣ እና እነሱን የምትጦረው የውጭ አገር ሴት። ከእነዚህ ሴቶች መሃል የእኛም እህቶች አሉ። ጣሊያን ውስጥ የሰው ቤት ሠራተኛ ዕረፍቷ በልማድ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። የተራራ መስመር ላይ መጀመሪያ የሚቀነሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የእሑድ ባቡር ነው። ዕረፍት ቀኗን አሠሪዎቿ ቤት ተዘግታ የምታሳልፍ ሴት በየትኛውም የተሳፋሪ ቆጠራ ውስጥ የለችም።

ስለዚህ ከሁለቱ መንግሥታትና ከፒዬሞንቴና ቬንቲሚሊያ ካለችበት ከሊጉሪያ ክልል የምጠይቀው ቁርጥ ያለ ነገር ነው። በኩኔዮና በቬንቲሚሊያ መካከል ከጠዋት እስከ ማታ በየሁለት ሰዓቱ ባቡር ይኑር። ሊሞኔና ብሬይ ላይ አውቶቡሶች ባቡሩን ይጠብቁ። ድንበሩን የሚሻገር አንድ ትኬት ይሸጥ። የጥገናው ወጪ የ1970ውን ስምምነት ትቶ ዛሬ መስመሩን በሚጠቀሙት ልክ ይከፈል። ይህ ለአምስት ዓመት ሳይነካ ይቆይ፤ ቬኖስታም በአንድ ክረምት አልሞላችም። ማክሰኞ ከኩኔዮ የሚነሳው ባቡር ገበያው ካለቀ በኋላ ይነሳ፣ እሑድ ማታም ሠራተኞቹ ወደ ላይኛው ሸለቆ የሚመለሱበት ባቡር ይኑር።